ከቆጮ ጉድጓድ እስከ ሙዝ አይሱዙ

በማንጎ ወራት ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚጓዝ ሰው ከየዛፉ ሥር ረግፎ የሚበሰብሰውን ፍሬ ሲያይ፣ አገሬው የሚበላውን ማቆየት የማያውቅ ሊመስለው ይችላል። ከማንጎው ጀርባ ያለውን ጓሮ ግን አላየም። እዚያ ከእንሰቱ ሥር፣ ቅጠል ለብሶ ድንጋይ በተጫነው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከወራት በፊት የተቀበረ ቆጮ አለ። ከአጠገቡ ጎደሬው ሳይነቀል ቆሟል። ቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ ኮረሪማው በክር ተሰክቶ ጭስ ይጠግባል። በዚህ አንድ ጓሮ ውስጥ ግማሹ ምግብ ከዓመት ዓመት ይሻገራል፤ ግማሹ ሳምንት አይደፍንም። የማቆየት ጥበቡም ሆነ ብክነቱ እዚህ የደረሰው በየራሱ መንገድ ነው፤ ሁለቱንም ለማየት ራቅ ካለው ዘመን መነሣት ይሻላል።

እስከ 1889 ዓ.ም.፦ መሬቱ ጎተራ በነበረበት ዘመን

ደቡብ ምዕራቡ ዝናብ የማይለቀው አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ቴፒ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ወደ ማሻ ከፍታ ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በሰሜኑ ደጋ ገበሬው እህሉን በበጋ ወቅቶ፣ አድርቆ፣ ጎተራ ከትቶ ክረምቱን ይሻገራል። ይህን ማድረግ የሚቻለው አየሩ ደርቆ ስለሚያግዘው ነው። በቤንች፣ በሸኮ፣ በሸካና በከፋ ምድር ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። እህል ይሻግታል፤ ነቀዝ ይረባበታል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ከሰሜኑ ተቃራኒ የሆነ መላ አበጀ፤ የሚቆየውን ምግብ ከመሬት አለማውጣት።

የዚህ መላ አውራው እንሰት ነው። እንሰት እንደ እህል በአንድ ወር ካልታጨድኩ አይልም። ለመድረስ እንደየቦታው ሙቀት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላም እስኪያብብ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቱ ዘንድሮ ካልቸገረው ለከርሞ ያሳድረዋል። በአንድ ጓሮ የአንድ ዓመት፣ የሦስት ዓመትና የአምስት ዓመት እንሰት ጎን ለጎን ሲቆም፣ ያ ጓሮ ዝናብ የማያበሰብሰው፣ ነቀዝ የማይገባው የቁም ጎተራ ነው።

ሲቆረጥ ደግሞ ሁለተኛው ጥበብ ይጀምራል፤ ይህም የሴቶች ሙያ ነው። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ከፋቂው ላይ የወረደው ይሰበሰባል። ጉድጓዱ ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል ይለበጣል። ቅጠሉ ሲደራረብ አፈሩ አይነካውም፣ ውኃም አይሰርገውም። ከዚያ ይጠቀጠቃል፣ ይሸፈናል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። አየር ሲያጣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የሚያበሰብሱትን ሌሎቹን ያባርራል። ዛሬ በላቦራቶሪ የሚብራራውን ይህን ሥራ እናቶች በጠረኑ፣ በቀለሙና በጣታቸው ያውቁት ነበር። ቅጠሉ በየጊዜው ይታደሳል፤ በደንብ የተያዘ ቆጮ ወራትን አልፎ ዓመታትንም ይሻገራል።

ሌላውም በዚሁ መንገድ ነበር። ጎደሬ ከተነቀለ በኋላ በሳምንታት ይበላሻል፤ መሬት ውስጥ ከተተወ ግን ይጠብቃል፤ ስለዚህ የሚነቀለው ለዕለቱ ማሰሮ የሚበቃው ብቻ ነው። ቦዬ ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። በመጀመሪያው አፈሩ በጥንቃቄ ተገልጦ ዋናው ሥር ከአንገቱ በታች ይቆረጥና አንገቱ ተመልሶ ይቀበራል፤ እሱም እንደገና አብጦ ለዘር ይሆናል። ጎመን ከነሕይወቱ ቆሞ ቅጠል ቅጠሉ ይቀነጠሳል። ዱባ ከነዘንጉ ከተቆረጠ በቤት ጥግ ወራት ያድራል። የሚደርቀው ደግሞ ጭስ ነበረለት። ኮረሪማ በጫካው ጥላ ሥር ከሥሩ አጠገብ ቀይ ፍሬ ያፈራል፤ ያ ፍሬ ከነቅርፊቱ ደርቆ በክር ከተሰካ ሽታውን ይዞ ሩቅ ገበያ ይደርሳል። የኮረሪማ ዛላ የዚህ አገር የጥንት ወጪ ንግድ ምልክት ነው።

የታሪክ አጥኚዎች ይህን ሥልጣኔ ለረጅም ጊዜ ሳያዩት ያለፉበት አንዱ ምክንያት የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። የእህል ጎተራ ፍርስራሽ ይተዋል፤ ሸክላውና የከሰለው ዘር ለቁፋሮ ይቀራል። የቦዬና የእንሰት ጎተራ ግን ተበልቶ ሲያልቅ አፈር ነው። በሸኮ ሰዎች የቦዬና የእንሰት አያያዝ ላይ ጥናት ያደረገችው፣ በከፋም ዋሻዎች የቆፈረችው አርኪዮሎጂስት ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ የተጋፈጠችው ችግር ይኸው ነው።

ከ1890 እስከ 1928 ዓ.ም.፦ የሸሸ ሰው ጎተራውን ይዞ አይሄድም

የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተዋጉ በኋላ በ1890 መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት እጅ ወደቁ። በዚያው ዓመት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ደቡብ፣ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲዘምቱ የሩሲያው መኮንን አሌክሳንድር ቡላቶቪች አብሮ ተጓዘ፤ በጦርነቱ የወደመውንም አገር በመጽሐፉ ገለጸ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ያልታጠቀው ሕዝብ ከገባርነት ጋር የባሪያ ፈንጋይ ዘመቻ ወረደበት። ያኔ ጊሚራ ይባል የነበረው የቤንች አገርና የማጂ አካባቢ ብዙ ሰው አጣ።

ይህ ከምግብ ማቆየት ጋር ያለው ግንኙነት ቀጥተኛ ነው። የእንሰት ጎተራ የሚሠራው ለማይነቃነቅ ሕዝብ ነው። አምስት ዓመት የሚጠብቅ ተክል የሚተክለው ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው እንደሚኖር የሚያምን ሰው ነው። እህል በስልቻ ይሸሻል፤ ከብት ተነድቶ ይሸሻል። የተቀበረ ቆጮና የቆመ እንሰት ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ቤተሰብ በተፈናቀለ ቁጥር የጠፋው የአንድ ዓመት አዝመራ ሳይሆን የአምስትና የስድስት ዓመት ስንቅ ነበር። ዱር የዋጠውን ጓሮ መልሶ ጎተራ ለማድረግም ያንኑ ያህል ዓመት ይጠይቃል።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ማከማቻ ወደ ምዕራቡ ገባ። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው የዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በሸክም ወርዶ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም መጓዝ ጀመረ። ችግሩ መርከቡ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ፣ ማለትም በክረምቱ ወራት ብቻ መሆኑ ነበር። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በለቀማና በመርከቡ መካከል ረጅም ወራት አሉ፤ በእነዚያ ወራት ቡናው እርጥበት እንዳያገኘው ማደር ነበረበት። እንዲህ እያለ በጎሬና በጋምቤላ የነጋዴው መጋዘን ቆመ። በዚህ አገር ከጓሮ ውጭ፣ ለሩቅ ገበያ ተብሎ ጣሪያ የተሠራለት ፍሬ ቡና ሆነ።

ለምን ቡና? መልሱ ፍሬው ውስጥ ነው። እሸት ቡና ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ይበላሻል፤ በዚህ ከማንጎ አይሻልም። ነገር ግን በስሱ ተሰጥቶ ከነልጣጩ ሲደርቅ ጀንፈል ይሆናል፤ ጀንፈል ደግሞ ከእርጥበት ከተጠበቀ ዓመት ይቆያል። ቀላል ነው፣ ውድ ነው፣ በበቅሎ ጀርባ አይጨፈለቅም። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት በዚህ ምድር የተሠራው መንገድ፣ መጋዘንና ሚዛን ሁሉ በዚህ አንድ ፍሬ ልክ ተሰፋ።

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ቡና በአውሮፕላን

ቀደም ብሎ በወረራው ዘመን ጣሊያን ጅማን የአንድ ግዛቱ መቀመጫ ሲያደርጋት ከአዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተሠራ፤ ከጅማ በታች ያለው አገር ግን ለመኪና ገና ሩቅ ነበር። ለውጡ የመጣው ከሰማይ ነው። በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖቹን እንደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባሉ የሣር ሜዳዎች ላይ ማሳረፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው ጉዞ በሰዓታት አለቀ። በ1945 ዓ.ም. ማብቂያ ብራዚልን ውርጭ መትቶት የዓለም የቡና ዋጋ ሲሰቀል፣ ከጫካ የሚለቀም ቡና አውሮፕላን መከራየት የሚያዋጣ ዕቃ ሆነ።

ሙዝ ግን አውሮፕላን አልተሳፈረም። ብርቱካንና ሙዝ በየጓሮው ይበቅሉ ነበር፤ ሆኖም ክብደታቸው ከዋጋቸው በላይ ነው። በሌላው ዓለም በዚያን ጊዜ ከማዕከላዊ አሜሪካ የሚነሣ ሙዝ ማቀዝቀዣ ባለው መርከብ አትላንቲክን ካቋረጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የሚዛን ሙዝ ከሚዛን ገበያ አይወጣም ነበር። ማንም እንደ ኪሳራ አልቆጠረው፤ የበሰለው ይበላል፣ የተረፈው ለከብት ይጣላል።

በዚሁ ዘመን ማብቂያ አንድ ክፉ ዜና ተሰማ። በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉና ጄ. ኤፍ. ብራድበሪ እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለይተው ለሳይንስ ዓለም አስታወቁ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በሙዝ ላይም መገኘቱን ጻፉ። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይወድቃል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያሻግረውም ብዙ ጊዜ ያው የመቁረጫ ቢላዋ ነው። ለዘመናት ነቀዝና ሻጋታ የማይደርስበት የነበረው የቁም ጎተራ የራሱን ነቀዝ አገኘ። በሽታው በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ገብቶ የምሥራቅ አፍሪካን ሙዝ ሲያጠፋ ዓለም ደንግጦ ብዙ ጻፈ፤ የእኛ እናቶች ግን ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ዝም ብለው ይቀብሩት ነበር።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ የመንግሥት እርሻና ሰፋሪ

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደርግ በበበቃና በቴፒ ሰፊ የቡና እርሻዎችን በመንግሥት እጅ አካሄደ። ለቡናው ማድረቂያ አልጋ፣ መፈልፈያ፣ መጋዘንና የመኪና ጋራዥ ተሠራ፤ ለቃሚው ከብዙ አገር መጣ። በቴፒ ደግሞ ቅመማ ቅመም ተሞከረ። ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ሄልና ቀረፋ የአካባቢውን አየር ወደዱት፤ ለዚሁ የቆመው የምርምር ማዕከል እስከ ዛሬ አለ። እነዚህም ቢሆኑ የቡና ባሕርይ ያላቸው ናቸው። እርድ ተነቅሎ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በጆንያ ይቀመጣል። ከአዲስ ተክል ሁሉ ቦታ ያገኘው ደርቆ የሚቆየው ነበር ማለት ነው።

በ1977 ድርቅ ሰሜኑን ሲያራቁት መንግሥት ከትግራይ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጓዘ። ብዙዎቹ ወደ ከፋና ኢሉባቦር ደኖች ገቡ፤ ያለ ፈቃዱ የተጫነም ነበረ። እነዚህ ሰዎች ጎተራ የሚያውቁ፣ ጤፍና ማሽላ የሚያውቁ ነበሩ። በቆሎ ዘሩ፤ ምድሪቱም አልሰሰተችም። ሆኖም እንደ አገራቸው ጎተራ ሲከቱት አየሩ ከዳቸው፤ ነቀዙ ጨረሰው። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤቱ ጎደሬ በሰፋሪው ጓሮም ታየ፤ በቆሎውም ከነልጣጩ ተጠምዶ ከምድጃ በላይ ተሰቀለ። የወሎ ሰው ከሸኮ ሰው የተማረውን ይህን ትምህርት የጻፈ የግብርና ሠራተኛ አላጋጠመኝም፤ መጻፍ ግን ይገባው ነበር።

ለከተማው ነዋሪ ደግሞ ኢትፍሩት ተቋቋመ። አዲስ አበባ ላይ ማቀዝቀዣ መጋዘንና የመሸጫ ሱቆች የነበሩት መሥሪያ ቤት ነበር። ፍሬው የሚመጣለት ግን በዋነኛነት መንገድ ከቀናባቸው ከስምጥ ሸለቆና ከአዋሽ እርሻዎች ነበር። ቅዝቃዜው መሀል ከተማ ቆሞ ዳር አገር ያለው ፍሬ እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር፤ የዳር አገሩ ፍሬ ደግሞ የሚደርሰው ከበሰበሰ በኋላ ነበር።

ከ1984 እስከ 2013 ዓ.ም.፦ አስፋልት

የቡና ንግድ ለግል ነጋዴ ሲለቀቅ እሸት ቡና መግዣ ጣቢያዎች በዙ። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባም ደረጃ፣ ሚዛንና የመጋዘን ደረሰኝ ተከተለው። ደረሰኙ ለቡና፣ ለሰሊጥ፣ ለቦሎቄ እንጂ ለሙዝ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም፤ ሙዝ መጋዘን ውስጥ ሆኖ ገዢ አይጠብቅም።

ያም ሆኖ ሙዙ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ያነቃነቀውም መንገዱ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ከጅማ በቦንጋ በኩል እስከ ሚዛን ያለው መንገድ አስፋልት ሲለብስ፣ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሚዛን ጓሮ በአንድ ሌሊት የሚደረስ ሆነ። አይሱዙዎች መጡ። ደላላው ሙዙን ከነዛፉ ያያል፣ ጥሬውን ያስቆርጣል፣ ዘለላውን ያስጭናል። አዲስ አበባ ሲደርስ ሙዙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይከመርና የላምባ ምድጃ ይለኮስበታል፤ ሙቀቱና ጋዙ በጥቂት ቀን ቢጫ ያደርጉታል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ በከተማ የምንበላው ሙዝ በዛፉ ላይ የበሰለ አይደለም። መንገዱ የጠቀመው ጥሬ ተቆርጦ ጉዞ የሚችለውን ነው። ዛፍ ላይ ለስልሶ የሚወርደው ማንጎ፣ ጆንያ ውስጥ የሚቆስለው አቮካዶ አሁንም ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ዳር አያልፍም።

በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ የግብርና ትምህርት ወደ አካባቢው ቀረበ። በ2004 ገደማ ደግሞ ዝንጅብል በአጠውልግ በሽታ ተመታ፤ ደርቆ የሚቆይና ጥሩ የሚሸጥ የነበረው ሰብል ከብዙ ጓሮ ወጣ። ሙዝ የሚተክለው ሰው የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የሚቆየው ሰብል ሲጠፋ ቤተሰቡ የማይቆየውን ይዞ ወደ ገበያ ሮጠ።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፦ እርጥብ አየርና 13 ዲግሪ

በ2014 ዓ.ም. ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኑ። አዲሱ ክልል የወረሰው ለቡና የተሰፋ ልብስ ነው፤ መጋዘኑም መንገዱም ደርቆ ለሚቆይ ነገር የተሠራ ነው።

ለትኩስ ፍሬ የሚሆን መላ ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይነሣል። አንዱ ውኃ በሚተን ግድግዳ የሚቀዘቅዝ ጓዳ ነው። ሕንድ ውስጥ ከጡብና ከአሸዋ ተሠርቷል፤ የሰሜን ናይጄሪያው መምህር መሐመድ ባህ አባ በሁለት እንስራ ሠርቶት ተመስግኗል፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በድሬዳዋ ሙቀት ሞክረውታል። በድሬዳዋ ይሠራል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃውን ይጠጣና ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በቴፒ ግን አየሩ አስቀድሞ ጠጥቶ ጠግቧል። ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ይቆያል እንጂ ፍሬው እምብዛም አይቀዘቅዝም፤ ይልቁንም ሻጋታ ይጋበዝበታል። ከደረቁ አገር የመጣ መፍትሔ እርጥቡ አገር ላይ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የወሎ ጎተራም የወደቀው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ነው። ይህም እንደ ሥጋ ቤት ፍሪጅ አይደለም። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ልጣጩ ይጠቁራል፣ መብሰሉን ይረሳል። ማንጎም ብርድ አይወድም። የሙቅ አገር ፍሬ የሚፈልገው መካከለኛ ቅዝቃዜ፣ የማይቋረጥ መብራትና ለብቻው የሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ አንድ የበሰለ ፍሬ በሚያወጣው ጋዝ ሌላውን ያበስላልና። እንዲህ ያለ ቤት የሚያዋጣው ደግሞ ብዙ ገበሬ አንድ ላይ ሲያስገባ ነው።

ስለዚህ ለዚህ አገር የሚቀርበው መንገድ እርድና ኮረሪማ የሄዱበት ነው ባይ ነኝ። ዝናብ በማይነካው ጣሪያ ሥር፣ በፀሐይም በእንጨትም በሚሞቅ ማድረቂያ፣ ማንጎውን በቀጭኑ ቆርጦ ማድረቅ፤ ጎደሬውን ከትፎ አድርቆ ዱቄት ማድረግ። የቡና አልጋ መሥራት የሚያውቅ እጅ ይህንን ለመሥራት አይቸገርም። አልጋዎቹ ለቀማው ካለቀ በኋላ ለወራት ባዶ ናቸው፤ ማንጎ የሚደርሰውም በእነዚያው ወራት ነው።

አይሱዙው ግን ዛሬም ማምሻውን ይጫናል፤ ሹፌሩ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለመጠቀም ሲመሽ መነሣት ይመርጣል። ዘለላው ከመውጣቱ በፊት ልጆች ከጓሮ የቆረጡትን ሰፋፊ ቅጠል ተሸክመው ይመጣሉ። የመኪናው ወለል ይለበጣል፣ ጎንና ጎኑ ይለበሳል፤ ዘለላው ሲደረደር በየመሀሉ ቅጠል ይገባል፣ በመጨረሻም ከላይ ይሸፈናል። አደራረቡ፣ የቅጠሉ ጀርባ ወደ ውጭ መዞሩ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ መታጠፉ፣ እናታቸው ጓሮ ያለውን የቆጮ ጉድጓድ ስትለብጥ እንደምታደርገው ነው።